ያልተቀመሰው አልጫ

ልጅ እያለሁ ቤታችን ውስጥ ቀን ቀን የሚዘጋ በር አልነበረም። የድሬዳዋን ሙቀት የሚያውቅ ሰው ለምን ብሎ አይጠይቀኝም። ከዚራ በሚባለው ሰፈር ለባቡር ሠራተኞች ከተሠሩት ቤቶች በአንዱ እንኖር ነበር፤ የፊቱ በር መጋረጃ ተንጠልጥሎበት፣ የጓሮው በር ድንጋይ ተደግፎበት ከጠዋት እስከ ማታ ክፍት ነው። ወጥ ቤቱ ከዋናው ቤት ተነጥሎ ጓሮ ውስጥ የቆመ፣ በቆርቆሮና በሳንቃ የተሠራ፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሦስት እርምጃ የማይሞላ ክፍል ነበር። እኩለ ቀን ላይ ከሰል አያይዞ በሩን መዝጋት ራስን አብሮ መቀቀል ነው። ስለዚህ አንድ ቀን ለምሳ ከትምህርት ቤት ስመለስ የወጥ ቤቱን በር ከውስጥ ተዘግቶ ሳገኘው፣ እናቴ የወጣች መሰለኝ። ከዚያ ማማሰያው የድስቱን ሆድ ሲጭር ሰማሁ።

አሥር ዓመቴ ነበር፤ ሦስተኛ ክፍል። ለቤቱ ብቸኛ ልጅ ነበርኩ። አባቴ በዕቃ ባቡር ላይ ፍሬን ያዥ ነበር። ጅቡቲ ይወርዳል፣ በአራተኛው ቀን ይመለሳል፣ ሁለት ቀን አርፎ ደግሞ ይወርዳል። ሲመጣ ቤቱን የማሽን ዘይትና የባሕር ሽታ ይሞላዋል፤ ከምሳ ዕቃው ውስጥ በወረቀት የተጠቀለለ ተምር ያወጣልኛል። ገላውን ታጥቦ፣ ሽርጡን አገልድሞ በረንዳው ላይ ሲጋደም ከቡልጋ የመጣ ሰው መሆኑን የሚያሳብቅበት አነጋገሩ ብቻ ነበር። እናቴ ዘነበችም የዚያው አገር ሰው ናት። እሷ ግን እንደ ጎረቤቶቻችን ስስ የሆነውን ድሪያ ቀሚስ ለብሳ አታውቅም፤ ሙቀቱንም እስከ መጨረሻው አልለመደችውም።

ሁለቱ ከአገራቸው ይዘውት የመጡት አንድ ልማድ ነበር። ምሳም ሆነ ራት ሲቀርብ እናቴ ድስቱን ከትሪው አጠገብ ታስቀምጥና፣ ከጭልፋው ጥቂት ወጥ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ፊታችን ትልሰዋለች። የጨውን ነገር ለማየት አልነበረም፤ እሱን ወጥ ቤት ጨርሳ ነው የምትመጣው። ከእጄ ክፉ ነገር አትቀበሉም ማለቷ ነው። ይህን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስረዳኝም። እሷ ከላሰች በኋላ አባቴ እንጀራውን ይቆርሳል፣ ከዚያ እኔ እጄን እሰዳለሁ። ዕለት በዕለት የሚደረግ ነገር ስለነበር ልብ ብዬው አላውቅም። ልብ ያልኩት የቀረ ዕለት ነው።

በዚያ ዓመት ከፋሲካ በኋላ አባቴ መዘግየት ጀመረ። በአራተኛው ቀን የሚመጣው ሰው በአምስተኛው፣ አንዳንዴም በስድስተኛው ቀን ይገባል። ፉርጎ ተበላሽቶ ነው ይላል፤ ጭነት ሳይደርስ ቀርቶ ነው ይላል። እናቴ ገላ መታጠቢያውን ውኃ ትቀዳለታለች፤ ምንም አትለውም። ነገር ግን በዚያው ባቡር አብሮት የሚወርደው ጓደኛው የሚኖረው ከእኛ ሁለት ቤት አልፎ ነበር። አንድ ጠዋት ከእናቴ ጋር ከቦኖ ውኃ ይዘን ስንመለስ ያ ሰው በረንዳው ላይ መስተዋት አቁሞ ጺሙን ይላጭ ነበር። ባቡሩ የገባው ትናንት ነው ማለት ነው። አባቴ ግን አልመጣም። ሰውየው እናቴን ሲያይ በሳሙና አረፋ በተሸፈነ ፊቱ አጎንብሶ እጅ ነሳና ወደ ቤቱ ገባ። ጺሙን ገና ግማሹን ነበር የላጨው።

የወጥ ቤቱ በር መዘጋት የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። የመጀመሪያውን ቀን ዝም ብዬ አለፍኩ። አባቴ ደርሶ ሊወርድ ሲል እንደገና ተዘጋ። በሳንቃዎቹ መሐል አንድ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ነበርና ዓይኔን አስጠጋሁ። እናቴ ላቧ ከአገጯ እየተንጠባጠበ እጇን እስከ ክርኗ ታጥባ ድስቱ ላይ ቆማለች። ማማሰያውን ወደ ቀኝ ብቻ ነው የምታዞረው። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ ግን የለውም። ጸሎት እንዳልል ጸሎቷን አውቀዋለሁ፤ ስትጸልይ ድምፅ ታወጣለች። ጥቂት ቆይታ ጭልፋውን ከድስቱ ግርጌ ሰዳ አንድ ጥቁር ነገር አወጣች። ውኃ ውስጥ ነከረችው፣ በጣቷ አሸችው፣ ከዚያ የነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረችው። ምን እንደሆነ መለየት አልቻልኩም። መጠኑ የአንድ ትልቅ ሰው ጣት ያህላል።

ያን ዕለት የፍየል አልጫውን አቀረበችና ሳትቀምስ ከትሪው ጎን ቁጭ አለች። አባቴ ትንሽ ጠበቀ። ዓይኑ ወደ መዳፏ ሲሄድ አየሁት። ከዚያ ቆረሰና በላ፤ አኘከ፤ አፉን መጠጠ።

«ይሄ ወጥ ብረት ብረት አይልም?» አላት።

«ድስቱ አርጅቷል» አለችው።

እኔ እጄን ስሰድ መለስ አደረገችኝ። የአንቺ እዚያ ነው ብላ የትናንት ሽሮ ሰጠችኝ። ሦስታችን ከአንድ ትሪ እንጂ ተለያይተን በልተን አናውቅም። እሷም ከአልጫው አልነካችም።

ከዚያ ወዲያ ልጅነቴ ሥራ አገኘ ማለት እችላለሁ። ሌላ ሴት ልጅ ከደቻቱ ወንዝ አሸዋ በለቀመችው ጠጠር ቅልልቦሽ ስትጫወት እኔ የእናቴን እጅ እከታተላለሁ። በጤና ትምህርት ክፍለ ጊዜ መምህራችን፣ መርዝ ብዙ ጊዜ ሽታ የለውም ብላ ነበር። ያቺ አረፍተ ነገር ከደብተሬ ወጥታ ቤት ድረስ ተከተለችኝ። አባቴ በማይኖርባቸው ቀናት የወጥ ቤቱ በር ክፍት ነው፤ እናቴ ትቀምሳለች፤ አብረን እንበላለን። አባቴ ሊወርድ ሲል ግን በሩ ይዘጋል፣ ማማሰያው ወደ ቀኝ ይዞራል፣ ጥቁሩ ነገር ይወጣል፣ ወጡ ሳይቀመስ ይቀርባል። ይህን አራት ጊዜ አይቻለሁ። ድስቱንም ያለ ወትሮዋ ያኔውኑ ራሷ ታጥበዋለች።

አምስተኛው ጊዜ ላይ ጎረቤታችን አዴ ሞሚና በግድግዳው አናት ጠራቻትና ድስቱ ሳይታጠብ ቀረ። አዴ ሞሚና የምትኖረው ከእኛ ጋር ግድግዳ ተጋርታ ነው። አብሽ መትታ የምትሠራውን ሁልበት የሚባል ማባያ በሳህን ትሰጠናለች፤ እናቴ ሳህኑን ባዶውን አትመልስም። እነሱ ሲያወሩ የድስቱን ቂጥ በማንኪያ ፍቄ በወረቀት ላይ አደረግኩና ባለቤት ለሌላት ግራጫ ድመት ሰጠኋት። በላች። ወረቀቱንም ላሰችው። ከዚያ በረንዳው ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ሥር ገብታ በጎኗ ወደቀች። አራት እግሯን ዘረጋች። ብጠራት አልሰማችም። አጠገቧ ጠጠር ብወረውር ጆሮዋ እንኳ አልተነሣም።

ከምሳ በኋላ ድሬዳዋ ውስጥ ነፍስ ያለው ሁሉ እንደሚዘረር አጥቼው አይደለም። ሱቁ ይዘጋል፤ የጋሪ ፈረስ በጥላ ሥር ቆሞ ያንጎላጃል፤ አባቴ ራሱ እዚያው በረንዳ ላይ አፉን ከፍቶ ተኝቶ ነበር። ግን አንዴ ከጠረጠርኩ በኋላ ያባቴም መተኛት የድመቷ ዓይነት መሰለኝ። አጠገቡ ሄጄ ትንፋሹን አዳመጥኩ። ከዚያ ጫማዬን አጥልቄ ሮጥኩ።

የአባቴ ታላቅ እህት እትዬ ጥሩነሽ የምትኖረው ደቻቱን ተሻግሮ መጋላ ሰፈር ነበር። አባቴን ያሳደገችው እሷ ናት፤ ይህንንም ለሰው መንገር አይሰለቻትም። የደረቀው ወንዝ አሸዋ በጫማዬ ውስጥ ያቃጥል ነበር። ስደርስ በሯ ጥላ ላይ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትላለች። ሁሉንም ነገርኳት። እንዝርቷን አላቆመችም።

«ጥቁር ምን?» አለችኝ። «ሥር ነው? ድንጋይ ነው?»

«አላውቅም። አውጥታ ታጥበዋለች።»

«ታጥበዋለች?» እንዝርቱ ቆመ። «መርዝ ታጥቦ አይቀመጥም። ይሄ መስተፋቅር ነው። እዚያች የግድግዳ ጎረቤቷ ዘንድ ሳህን ስታመላልስ ብያት ነበር፤ ሰው የማያውቀውን ቅመም አይበላም ብያት ነበር።»

«ድመቷስ?»

«ድመቷማ ይኸው ሞተች።» አጠገቧ ያለውን ውኃ አነሣችና ጠጣች። «መስተፋቅር የበላ ወንድ መጀመሪያ ይፈዛል። ከዚያ ያብዳል። ወንድሜ የፈዘዘ አልመሰለሽም?»

አሰብኩና፣ መስሎኛል አልኳት። እንግዲህ ያን ጊዜ የሆነው ይህ ነው፤ አሳስታኝ አይደለም፤ ራሴ ነኝ ያልኩት።

ቤት ስመለስ ድመቷ አግዳሚው ሥር አልነበረችም። እናቴ ጣለቻት ብዬ አሰብኩ። አባቴ ግን ተነሥቶ፣ ፊቱን ታጥቦ ወደ ባቡሩ ሄዷል። ተመልሶ እስኪመጣ አምስት ቀን ፈጀ። በእነዚያ አምስት ቀናት እናቴ የምታቀርብልኝን ስበላ መዳፏን እንጂ ፊቷን አላየሁም።

እንደ ልማዱ አርፎ የሚወርድበት ቀን እሑድ ነበር። አባቴ ከሰዓት በኋላ ይወርዳል። የወጥ ቤቱ በር እንደተዘጋ እትዬ ጥሩነሽ መጋረጃውን ገልጣ ገባች። ሳይጠሯት የምትመጣ ሴት አልነበረችም። እናቴ ድስቱን ይዛ ስትወጣ ወንበር ላይ ተቀምጣ አገኘቻት።

«ከሳሽ፣ ዘነበች» አለቻት።

«ሙቀቱ ነው፣ እትዬ።»

«ሙቀቱማ እኛም ላይ አለ።»

አባቴ ሳቅ አለ። እናቴ አልሳቀችም። ትሪው ላይ እንጀራውን ዘረጋች፣ የኔን ሽሮ በትንሽ ሳህን ለየች፣ አልጫውን ለአባቴና ለአክስቴ በጭልፋ አወጣች። ጭልፋውን መልሳ ድስቱ ውስጥ አደረገችና ነጠላዋን ሰብስባ ተቀመጠች። አክስቴ እጇን ጉልበቷ ላይ እንዳደረገች ቀረች።

«ቅመሺልን እንጂ።»

«ቀምሼዋለሁ፣ እትዬ።»

«የት?»

«ወጥ ቤት።»

«ወጥ ቤት የቀመስሽው ለራስሽ ነው። ለእኛ እዚህ ቅመሺ።»

አባቴ የቆረሰውን እንጀራ በጣቶቹ መሐል ይዞ፣ አንዴ ወደ እህቱ አንዴ ወደ ሚስቱ ተመለከተ። ወጡን ሳትቀምስ ማቅረቧን እሱም ልብ ብሎት ኖሯል። ለብቻው የያዘውን ጥርጣሬ ሌላ ሰው ጮክ ብሎ ሲናገርለት የሰው ፊት እንዴት እንደሚሆን ያን ዕለት አየሁ።

«ምን አስቸገረሽ» አላት በለሆሳስ። «ቅመሺና እንብላ።»

«አልቀምስም።»

ከጣቢያው በኩል ፉርጎ ከፉርጎ ሲጋጭ ይሰማል። አባቴ የያዘውን እንጀራ ትሪው ዳር አስቀመጠ።

«ሰማህ፣ ተሰማ?» አለች አክስቴ። «እንግዲህ እኔ ክፉ ሆኜ አይደለም። ልጅህ በዓይኗ አይታለች። ከድስቱ ጥቁር ነገር ታወጣለች። የተረፈውን ድመት በልታ ሞታለች። ጠይቃት፤ ይቺትና።»

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። የምትቆጣ መስሎኝ ነበር። አልተቆጣችም። አንድ ሰው የጠፋበትን ዕቃ ያልጠበቀው ቦታ ሲያገኘው እንደሚያየው ነው ያየችኝ። ያንን አተያይ መቋቋም አቃተኝ። ለምን እንዳደረግኩት እስከ ዛሬ በትክክል አላውቅም፤ ነገር ግን ከአባቴ ፊት እንጀራ ቆረስኩ፣ አልጫው ውስጥ ነከርኩ፣ ጎረስኩ። ትኩስ ነበር። ብረት ብረት ይላል።

አባቴ ከተቀመጠበት ሲነሣ ድስቱ ተገለበጠ። በአንድ እጁ መንጋጋዬን ያዘ፤ በሌላው ሁለት ጣቱን አፌ ውስጥ ከተተ። «ትፊው፣ ትፊው፣ ብርሃኔ» ይላል። ጣቱ የማሽን ዘይት ይል ነበር። እስከ ጉሮሮዬ ገብቶ ያኘክኩትን ጠርጎ አወጣው፤ መሬት ላይ ወረወረው፤ ዳግመኛ አፌን ከፍቶ አየ። እኔ አለቀስኩ። ቀና ስል ዓይኔ የወደቀው እናቴ ላይ ነበር። እሷ እኔን አትመለከትም። የምትመለከተው የአባቴን ጣቶች ነው።

«አምነሃል ማለት ነው» አለችው።

እናቴ አባቴን እርስዎ እንጂ አንተ ስትለው ሰምቼ አላውቅም ነበር። አክስቴም የሰማች አይመስለኝም፤ አንገቷን ቀና አደረገች። እናቴ የነጠላዋን ጫፍ ፈታችና ውስጡ ያለውን ትሪው ላይ አስቀመጠች። ቁልፍ ነበር። የፊት በራችን ቁልፍ፤ ቤቱን ሲሰጡን አብሮ የተሰጠን፣ ቀን ቀን በር ስለማንዘጋ ከምስማር ላይ የማናወርደው ወፍራም የብረት ቁልፍ። ድስት ውስጥ ብዙ ከመክረሙ የተነሣ ጠቁሯል።

«ይሄንን ነው ቀቅዬ ያበላሁህ» አለች። ድምፅዋ ከፍ አላለም። «የዚህን ቤት ቁልፍ። ወደዚህ ቤት ትመለስ እንደሆን ብዬ። ባቡሩ ረቡዕ ገብቶ አንተ ዓርብ ስትመጣ የት በላህ ብዬ ጠይቄሃለሁ?»

አባቴ ቁልፉ ላይ አፈጠጠ። ፉርጎ ተበላሽቶ ነው አላለም፤ ጭነት ዘግይቶ ነው አላለም። ሦስታችንም መልሱን ከዝምታው ሰማን። ጅቡቲ ውስጥ ማን እንደነበረች ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም በቤታችን ስሟ ተነሥቶ አያውቅም።

«ቁልፍ?» አለች አክስቴ። «ቁልፍ ነው እንዴ?» ተነሣች፤ ቀሚሷን አራገፈች። «እኔማ ለወንድሜ ብዬ ነው። ሰው በሩን ዘግቶ ሲቀቅል ምን ይባላል ታዲያ።» መጋረጃውን ገልጣ ሄደች።

አባቴ ተቀመጠ። ትሪው ላይ የተረፈውን አልጫ ወደ ራሱ አቀረበና መብላት ጀመረ። እየቆረሰ፣ እየነከረ፣ እኛ እያየነው፣ የአክስቴንም ድርሻ ጨምሮ እንጀራው አልቆ ትሪው እስኪታይ በላ። ሳይርበው እንዲያ ሲበላ ያየሁት ሰው እሱ ብቻ ነው። ከዚያ እጁን ታጠበ፣ ባዶውን ምሳ ዕቃ አንጠልጥሎ ወደ ጣቢያው ሄደ። ያን ዕለት ስንቅ አልቋጠረችለትም፤ እሱም አልጠየቀም።

ብዙም ሳይቆይ አዴ ሞሚና በጓሮ በኩል ገባች። ግራጫዋ ድመት ከኋላዋ ትከተላታለች፤ ሰንብታ የነበረው እሷ ዘንድ ኖሯል። ግድግዳው ቀጭን ስለነበር የምንነግራት ነገር አልነበረም። አክስቴ ስለ ሳህኖቿ ያወራችውንም ከመንደር ሰምታለች፤ እሱን ግን አላነሣችውም። እናቴ አጠገብ ቁጢጥ ብላ ቁልፉን አገላብጣ አየችው።

«አቦ ዘነበች» አለቻት፣ «ቁልፍ ምን ያደርግልሻል? ቁልፍ ከውጭም ይቆልፋል እኮ። እኔ ብሆን ወላሂ ጫማውን ነበር የምቀቅለው።»

እናቴ ሳቀች። በዚያ ዓመት ስትስቅ የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው። ከዚያ ሳቁ ሌላ ነገር ሆነባትና ነጠላዋን ፊቷ ላይ አደረገች። አዴ ሞሚና ወለል ላይ የተደፋውን አልጫ ጠርጋ፣ ድስቱን አጥባ ሄደች።

አባቴ በአራተኛው ቀን ተመለሰ። በሚቀጥለውም ጊዜ በአራተኛው ቀን። ክረምቱ ሳይገባ የጉዞውን ሥራ ትቶ ወደ ጥገናው ክፍል እንዲዛወር አመለከተ። ደመወዙ ያንሳል፣ ሥራው ይከብዳል፤ ነገር ግን ድሬዳዋ ውስጥ ነው። የፋብሪካውና የባቡሩ ፉጨት ሲነፋ ለምሳ ይመጣል። ከዚያ በኋላ በዕድሜው ሙሉ ከዚያ ቤት ውጭ ያደረባቸውን ሌሊቶች እኔ ራሴ ልቆጥራቸው እችላለሁ።

እናቴን ማን እንዳስተማራት የጠየቅኳት ካደግኩ በኋላ፣ አንድ ቀን ምስር ስንለቅም ነው። ማንም አላለች። ጠንቋይ ቤት አልሄደችም፣ ደብተራ አልጠየቀችም፤ አዴ ሞሚናም ከነገሩ የለችበትም። አንድ ጠዋት ቁልፉን ምስማሩ ላይ አየችውና ይህ ነገር ሥራ ፈትቶ ተሰቅሏል ብላ አሰበች። ወደ ቀኝ የምታማስለው በሩ የሚከፈተው ወደ ቀኝ ሲዞር ስለሆነ ነው። ከንፈሯን ስታንቀሳቅስ ከጅቡቲ ጀምሮ ያሉትን ጣቢያዎች በቅደም ተከተል ትጠራ ነበር፤ ድሬዳዋ ስትደርስ ታቆማለች። የማትቀምሰውም ቤቱ የሚይዘው ቀድሞ የቀመሰውን ሰው ነው ብላ ነው። «እኔማ መች ሄድኩ፤ እኔን ይዞ ምን ያደርጋል» አለችኝ። እኔንም እንዳልነካ የከለከለችኝ ለዚሁ ነበር፤ ሴት ልጅ አድጋ መሄድ አለባት ብላ። በእሷ ሕግ ከሄድን ቤቱ መያዝ የነበረበት ያን እሑድ ቀድሜ የጎረስኩትን እኔን ነው። አልያዘኝም፤ ሁለተኛ ደረጃን ሐረር ተምሬ፣ አግብቼ ናዝሬት ኖርኩ፤ ልጆቼንም እዚያ አሳደግኩ።

አባቴ ግን ተያዘ። በምን እንደተያዘ የየራሳችን ሐሳብ ነበረን። እናቴ በቁልፉ ነው ትል ነበር፤ እኔ የማስበው ሌላ ነገር ነው፤ በዚያች ቀን የገዛ ጣቶቹን እናቴ እንዴት እንዳየቻቸው አይቷልና። ከዚያ እሑድ ጀምሮ ደግሞ እናቴ ሳትቀምስ ያቀረበችው ምግብ የለም። ወጥ ብቻ አይደለም። ሻይ ትቀምሳለች። ወተት ትቀምሳለች። በገዛ እጁ የገዛውን ሙዝ ልጣ ጫፉን ትቆርሳለች። መዳፏ ላይ ጠብ ታደርጋለች፣ እያየችው ትልሳለች፣ ከዚያ ታቀርብለታለች። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት፣ ተይው ዘነበች ይላት ነበር። አትተወውም። እንግዳ ፊት ያፍራል፤ አትተወውም። ወደ እርስዎ ተመልሳለች፣ ድምፅዋ ትሑት ነው፣ አንድም ቀን ያን ነገር አንሥታ አልወቀሰችውም። ትቀምሳለች ብቻ።

በስተርጅና የአባቴ ዓይን ጠፋ። ልጠይቃቸው ስመጣ ያየሁትን ነው የምጽፈው። እናቴ ሾርባ ይዛ አጠገቡ ትቀመጣለች። ከማንኪያው መዳፏ ላይ ጠብ ታደርግና ድምፅ እንዲያወጣ አድርጋ ትልሰዋለች። እሱ ያንን ድምፅ እስኪሰማ አፉን አይከፍትም። ሲሰማ ይከፍታል። ጥርጣሬ ነው እንዳልል ጥርጣሬው ከጠፋ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። ሌላ ስም ልስጠው ብል ደግሞ ድፍረት ይሆንብኛል።

ዛሬ እኔም አርጅቻለሁ። ሰርግ ስጠራ ሰልፍ ይዤ፣ ሳህን ተቀብዬ፣ ፊቱን አይቼው የማላውቀው ሰው የሠራውን ወጥ እጎርሳለሁ። ልጆቼ ከሥራ ሲመጡ በላስቲክ የታሰረ ምግብ ይዘው ይገባሉ፤ ማን ሠራው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ፈትቼ እበላለሁ፤ ደኅና ነው። ያን ጊዜ ግን የማናውቀውን ሰው ምግብ አፋችን አናደርስም ነበር፤ የምንጠራጠረውም አብሮን የሚኖረውን ሰው ነበር። የትኛው እንደሚሻል እኔ አልፈርድም።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። እናቴ ከአባቴ በኋላ ብዙ ዓመት ኖራለች። ልጆቼ ሲከቧት ያንን ታሪክ ትነግራቸው ነበር፤ ስለ ድመቷ ታውቅ እንደነበር፣ በሳንቃው ክፍተት ዓይኔን ታይ እንደነበር እየሳቀች ታወራለች። ሁልጊዜ የምትጨርሰው ግን በአንድ ዓይነት ነው፦ «ሁሉም ሲጠረጥረኝ ያቺ እናታችሁ ናት ቆርሳ የጎረሰችልኝ። እሷ ብቻ ናት ያመነችኝ።» ልጆቼ ወደ እኔ ይመለከታሉ። መርዝ መሆኑን አምኜ እንደጎረስኩት፣ ሞቴን እየጠበቅኩ እንዳኘክኩት ልነግራት ብዙ ጊዜ አፌ ላይ ደርሷል። አልነገርኳትም።